ከአዲስ አበባ ወጥቶ ገጠር መግባት፦ አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ኪራይ በተጨመረ ቁጥር፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጊዜ በባከነ ቁጥር፣ የጎረቤት ጄኔሬተር እንቅልፍ በነሳ ቁጥር ብዙ የአዲስ አበባ ሰው አንድ ነገር ይላል። «አንድ ቀን ሁሉንም ጥዬ ገጠር እገባለሁ።» ጓሮ፣ ሁለት ላም፣ ንጹህ አየር፣ በገዛ እጅ የተተከለ ጎመን። ይህ ምኞት ሊከበር የሚገባው ነው። ወጥቶ የተሳካለት ሰው አለ። ያጠራቀመውን ጨርሶ በዓመቱ የተመለሰም አለ። ሁለቱን የሚለያያቸው አብዛኛውን ጊዜ ጉብዝና አይደለም፤ የገቡበት መንገድ ነው።

መውጫው በጥቅሉ አራት ነው። ወላጆች መሬት ላይ መመለስ፣ አዲስ አበባ ዳር መስፈር፣ ትንሽ ከተማ ገብቶ ግቢ ያለው ቤት መያዝ፣ ወይም መሬት ተከራይቶ ማረስ። አራቱ የሚጠይቁት ገንዘብ፣ ጉልበትና ወረቀት በጣም ይለያያል። በደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ እኔ የማደላው ለሦስተኛው ነው። ምክንያቱን በየቦታው ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ፦ መሬቱ የማን ነው?

ይህን ሳያጣሩ የሚጀመር የገጠር ሕልም ሁሉ አደገኛ ነው። የካቲት 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ያርሰዋል፣ ያወርሰዋል፣ በተወሰነ ገደብም ያከራየዋል። ለእናንተ መሸጥ ግን አይችልም።

ስለዚህ አንድ ደላላ «500 ካሬ የገበሬ መሬት አለ፣ በመንደር ውል ትጨርሳላችሁ» ካለ፣ የሚሸጠው በሕግ ፊት የሌለ ነገር ነው። ሦስት ሽማግሌ ቢፈርሙበትም፣ ማኅተም ቢያርፍበትም ለውጥ የለውም። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው። ሻጩ ነገ ቢክዳችሁ፣ ወይም ልጆቹ «አባታችን አልሸጠም» ብለው ቢነሱ፣ ፍርድ ቤት ይዛችሁ የምትቀርቡት ማስረጃ የላችሁም።

የወላጅ መሬት ላይ መመለስ

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉና የሚያርሱት መሬት ካለ፣ ከአራቱ ርካሹ ይህ ነው። ሰው ያውቃችኋል። እድሩ ይቀበላችኋል። የማን ልጅ እንደሆናችሁ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። እንግዳ ሆኖ ገጠር የገባ ሰው ይህን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል።

የሚያሰጋው ውርሱ ነው። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 456 «የቤተሰብ አባል» ሲል ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራ ሰው ማለቱ ነበር። አዲስ አበባ ደመወዝ የሚበላ ልጅ በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። ያ አዋጅ በ2016 በአዋጅ 1324 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ የእናንተ ወረዳ ዛሬ በየትኛው እንደሚሠራ ከወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከአጎት አፍ የሰማችሁት አይበቃም።

ከሕጉ በላይ ግን ወንድም እህት አለ። እናንተ ከተማ ስትማሩ አንዱ ወንድማችሁ እዚያው ቀርቶ አባቱን ጦሯል፣ መሬቱን አርሷል። አባት ካረፉ በኋላ ሄዳችሁ «ድርሻዬን» ካላችሁ ጉዳዩ ወደ ጠብ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ወደ ደም። ይህን መንገድ የምታስቡ ከሆነ አባትና እናት በሕይወት እያሉ፣ ሁሉም ልጆች ባሉበት፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይነገር። እናንተ የምትጠይቁት ቤት መሥሪያና ጓሮ ብቻ ከሆነም ያንኑ በግልጽ ተናገሩ። አብዛኛው ወንድም የሚፈራው እርሻው እንዳይቆረስ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጤፍ የሚያርስ ሰው ዓመት እንዲህ ነው። ማሳው ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ ይታረሳል፤ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ። ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መዝራት አለ። ነሐሴና መስከረም አረም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ከዚያ ክምር፣ ከዚያ ውቂያ። አንድ በሬ ብቻ ካላችሁ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ትገባላችሁ። ወንፈልና ደቦም አለ፤ ግን ነፃ ጉልበት እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ለእናንተ ያጨደ ሰው ነገ የእርሱ ማሳ ላይ ይጠብቃችኋል። ራስ ምታት አለብኝ ማለት አይሠራም።

ምርቱስ? በአገር ደረጃ የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። የብዙ ገበሬ ይዞታም ከዚያ አይበልጥም። ሁለት ጥማድ ቢደርሳችሁ፣ ጥሩ ዝናብ ጥሎም፣ ከ10 ኩንታል በታች ታገኛላችሁ። ከዚያ ላይ ዘር፣ ማዳበሪያና የዓመት ቀለብ ይነሳል። የቀረውን ሸጣችሁ የከተማ ትምህርት ቤት ክፍያ አይሸፈንም። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሳይሠራ ሥራ የሚለቅ ሰው ሳይ በጣም ያሳዝነኛል።

ነገሩን የሚለውጠው ከእህል ውጪ ያለው ነው። ንብ ብዙ መሬት አይፈልግም፤ አበባ ያለበት አካባቢ ይበቃዋል። ከዘመናዊ ቀፎ የሚገኘው ማር ከባህላዊው በእጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የ45 ቀን ጫጩት ወስዶ ለእንቁላል ማድረስ ይቻላል። በግ ወይም በሬ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ማድለብ የብዙ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ነው። ቡናና አቮካዶ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የተዳቀለ አቮካዶም ሆነ ቡና የመጀመሪያውን ፍሬ የሚሰጠው በ3 ወይም በ4 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ምን ትበላላችሁ? መልሱ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ጡረታ ወይም ከተማ ያለ ኪራይ ከሆነ ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለባለትዳር ወንዶች። ይህን ሕልም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ባል ነው። ገጠር ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚለቀመው፣ ጭስ ውስጥ እንጀራ የሚጋገረው ግን በሴት እጅ ነው። ባለቤታችሁ ከተማ ያደገች ከሆነች «ንጹህ አየር» ያላችሁት ነገር ለእርሷ ጀሪካን ነው። ቧንቧ ወይም ጉድጓድ፣ መብራት፣ የተሻሻለ ምድጃ ሳይዘጋጅ ቤተሰብ ይዞ መግባት በእርሷ ላይ መፍረድ ነው።

አዲስ አበባ ዳር መስፈር

ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ሰበታ፣ ራቅ ሲል ቢሾፍቱ። ይህ መንገድ ሁለቱንም የሚሰጥ ይመስላል፤ ጠዋት የወፍ ድምፅ፣ ቀን ቢሮ። በወረቀት ላይ ያምራል። እኔ ግን ለሕልመኛ ከአራቱ በጣም አስቸጋሪው ይህ ነው እላለሁ።

አንደኛ፣ ከተማው ይከተላችኋል። ዛሬ ከመስኮታችሁ የምታዩት የስንዴ ማሳ ነገ የብሎኬት ማምረቻ ሊሆን ይችላል። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ሌሎችም በ2015 ሸገር ሲቲ በሚል አንድ ከተማ ሲሆኑ ብዙ ነገር ተቀይሯል። በዚያው ጊዜ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰዋል። ሌሊት ተሠርቶ የሚያድረው የጨረቃ ቤት ብቻ አልነበረም። ዓመታት የተኖረባቸው፣ ዛፍ የበቀለባቸው ግቢዎችም ነበሩ። የፈረሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የከፈሉት እውነተኛ ገንዘብ ነበር። የያዙት ወረቀት ግን የመንደር ውል ነበር።

ሁለተኛ፣ የየዕለቱ ጉዞ። ሥራችሁ ቦሌ ከሆነና ቤታችሁ ሆለታ ከሆነ፣ ጸጥታውን የምታገኙት ተኝታችሁ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ ለሚገባ ሰው ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

ቢሾፍቱን ለብቻው ላንሳው። በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባቦጋያና ሆራ አሉ፣ አየሩ ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል፣ የዶሮ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። አዲሱ ግዙፍ አየር ማረፊያ ግን የታቀደው በዚያው አካባቢ፣ አቡሴራ ነው። ጸጥታ ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱን ለንግድ ለሚፈልግ ደግሞ በተቃራኒው።

እዚህ ለመግባት ከወሰናችሁ ካርታ ያለው፣ በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ የተመዘገበ ብቻ ግዙ። ደላላው እጅ ያለውን ኮፒ አትመኑ። ዋናውን ፋይል ከከተማው መሬት አስተዳደር አስወጥታችሁ እዩ። እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ አለበት? ፕላኑ ላይ በቤቱ በኩል መንገድ ያልፋል? ቦታው አረንጓዴ ተብሎ ተይዟል? ይህ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥም። ደግሞም እነዚህ ከተሞች ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። የቢሮው ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን ካላወቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጀምሩት፤ ለጎረቤትም ክብር ነው።

ትንሽ ከተማ፣ ግቢ ያለው ቤት

ሰው ገጠር ሲል የሚመኘው አብዛኛው ነገር እዚህ አለ ብዬ አምናለሁ። ጸጥታ፣ ግቢ፣ በእግር የሚደረስ ገበያ፣ ከገበሬው እጅ የሚገዛ ቅቤና እንቁላል። ከዚያ ጋር ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ባጃጅና የባንክ ቅርንጫፍ አለ። መሬት መውረስም ሆነ በሬ መጥመድ አያስፈልግም። ደግሞም ቤት ተከራይቶ መጀመር ይቻላል። ካልተስማማችሁ ዕቃ ጭናችሁ ትመለሳላችሁ። ከአራቱ ስህተትን የሚምር መንገድ ይህ ብቻ ነው።

የትኛው ከተማ? ይህን ከፍታው ይወስናል። ከ2,000 ሜትር በታች ባብዛኛው የወባ አገር ነው። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ይህን አስቀድሞ ያስብ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙዝ፣ ዓሣ፣ ሁለት ሐይቅ፣ ዩኒቨርሲቲና አውሮፕላን አላት። አጎበር ግን ግድ ነው። ከእርሷ ተነስታችሁ ዳገቱን ስትወጡ ጨንቻ ትገኛለች። ጉምና ብርድ፣ የአፕል አገር። ሁለቱ በመኪና ብዙም አይራራቁም፤ ኑሮአቸው ግን ሌላ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም 2,800 ሜትር አካባቢ። ወባ የለም። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ የጓሮ አትክልትን ያቃጥላል። መገጣጠሚያ የሚያማቸውን አረጋዊ ይዞ እዚያ መግባት አልመክርም። ቡታጅራም በግምት ያንኑ ያህል ይርቃል፤ ወደ ደቡብ። አየሩ መካከለኛ ነው። እንሰት፣ በርበሬና ፍራፍሬ በደንብ ይበቅላል። ሆሳዕና ከእርሱ አለፍ ትላለች። ማርና ቡና የሚወድ፣ ዝናብ የማያስከፋው፣ ርቀቱንም የማይፈራ ሰው ቦንጋን ይይ። የከፋ ዞን ደን ብቻውን ለብዙ ሰው በቂ ምክንያት ነው።

ጓሮው ምን ያህል ይበቃል? 100 ካሬ የሚለማ መሬት ካላችሁ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል። ጥግ ላይ አሥር ዶሮ ይጨመር። ችግሩ ውሃ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥም ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ደግሞ ቀናት ይቆያል። ኪራይ ስትዋዋሉ ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታና የጣሪያው አሸንዳ ደህና መሆኑን እዩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እስከ 500 ሊትር ይወርዳል። ክረምቱን በዚህ ትዘልቃላችሁ። በጋውን ግን አትዘልቁም፤ ለእርሱ ጉድጓድ ያለው ግቢ ፈልጉ።

ገቢ? የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውር መጠየቅ ይችላል። መምህርና የጤና ባለሙያ ሥራ ለማግኘት የተሻለ ዕድል አለው። በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ሁለቱንም ይያዝ፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን የሚያቆይ ባትሪም ይግዛ። ከመከራየቱ በፊት ቤቱ ውስጥ ቆሞ ኔትወርኩን ይሞክር፤ ግቢው በር ላይ የሚሠራ ሁሉ ሳሎን ውስጥ አይሠራም።

እዚህም የሚከብድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ማንም አያውቃችሁም። ትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ማን ገባ፣ ምን ገዛ፣ ለምን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አልታየም። መድኃኒቱ እድር ነው። በገባችሁ በመጀመሪያው ወር ተመዝገቡ። ለቅሶ ድረሱ። ቡና ሲጠሯችሁ ሂዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እዚህ እውነት ነው፤ ሌሊት ልጅ ሲታመም በር የምታንኳኩት እነርሱ ጋ ነው።

መሬት ተከራይቶ ማረስ

ይህ ኑሮ ከመሆኑ በፊት ንግድ ነው። በኮንትራት ትይዛላችሁ፣ ወይም ገበሬው መሬቱን እናንተ ወጪውን አድርጋችሁ በእኩል ወይም በሲሶ ትሠራላችሁ። ሕጉ ገደብ አለው። ለምሳሌ በኦሮሚያ በ1999 የወጣው አዋጅ 130 ገበሬው የሚያከራየው ከይዞታው ከግማሽ እንዳይበልጥ ይል ነበር። በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ 3 ዓመት፣ ዘመናዊ ዘዴ ለሚጠቀም 15 ዓመት ጣሪያም አስቀምጦ ነበር። በየክልሉ ይለያያል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ካልተመዘገበ፣ ማሳው ሲያምር ባለቤቱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

መቂና ዝዋይ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመረተ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሁሉም አንድ ጊዜ ሲያመርት ዋጋው ይወድቃል፤ ቲማቲም ደግሞ ተቀምጦ ዋጋ አይጠብቅም። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ማረስማ ይባስ። ናፍጣው አለቀ፣ ፓምፑ ተበላሸ፣ መድኃኒቱ አልሠራም፤ ሁሉንም የምትሰሙት ዘግይታችሁ ነው። እዚያው ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ የአካባቢውን ሰው አጋር አድርጋችሁ ከሆነ፣ በትንሽ ማሳ ከጀመራችሁ ያዋጣል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ዕረፍት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እዚህ አታገኙትም።

ታዲያ ለማን የትኛው?

ልጆቻችሁ ትምህርት ላይ ከሆኑ ትንሽ ከተማ፤ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ትምህርት የሚሰጥበትን ቋንቋ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ሒሳብ ሲጀምር የሚደርስበትን ጉዳት የእናንተ ጸጥታ አያካክሰውም።

ጡረተኛ ከሆናችሁና የትውልድ መንደራችሁ ሰላም ከሆነ፣ እዚያ ጓሮ ያላት ትንሽ ቤት። እህል እርሻውን ለወንድም ልጅ ተዉለት። ጤና ኬላና ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባችሁ መድኃኒቱ እዚያ ይገኝ እንደሆነ እዩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መመዝገቢያው መቼ እንደሚከፈትም ጠይቁ።

ወጣት ሆናችሁ ገንዘብ የሌላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ግን መሬት ያላቸው ከሆናችሁ፣ ተመልሳችሁ በንብ፣ በዶሮ ወይም በማድለብ ጀምሩ። ገንዘብ ያላችሁና ወላጅ መሬት የሌላችሁ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ጭምር፣ መጀመሪያ ተከራዩ። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሆኖ በዘመድ ስም የገበሬ መሬት መግዛት ገንዘቡንም ዘመዱንም ማጣት ነው።

በአራቱም ላይ አንድ ጥያቄ ይቀድማል። መንገዱ ሰላም ነው? ባለፉት ዓመታት በአማራና በኦሮሚያ ብዙ ቦታዎች ግጭት ነበር። ሰው ታግቶ ገንዘብ ተጠይቋል። ይህን ከዜና ብቻ አትስሙ። መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚመላለሱትን ሹፌሮች ጠይቁ። ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይነዱ ይነግሯችኋል።

ከመወሰናችሁ በፊት ቦታውን ሁለት ጊዜ ኑሩበት። አንዴ ሐምሌ፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስና መኪና ሲይዝ። አንዴ ደግሞ መጋቢት፣ ጉድጓዱ ሲደርቅ። የጥቅምትና የኅዳር ውበት ብቻ አይቶ የወሰነ ሰው ግማሹን ዓመት አላየም። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ አትሽጡት፤ አከራዩት። የመጀመሪያውን ዓመት የሚያቆማችሁ ያ ኪራይ ሊሆን ይችላል። መሸኛ ለማውጣትም አትቸኩሉ። የቀበሌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ግን ሌላ ሰው ማስገባት አትችሉም፤ ለቃችሁ ከሄዳችሁ ቤቱ አይጠብቃችሁም። ለእናንተ የሚሻለው ከቤተሰቡ አንዱ ቀድሞ ሄዶ አንድ ክረምት እዚያ ማሳለፉ፣ ሌላው ቤቱን ይዞ መቆየቱ ነው።